ኪሊፊ፤ በሁለት ሙላት መካከል

ከሞምባሳ ወደ ሰሜን የሚሄደው የአስፋልት መንገድ ምትዋፓን ካለፈ በኋላ በቪፒንጎ የቃጫ እርሻዎች መካከል ይጓዛል። እንደ ጎራዴ የተመዘዙ ቅጠሎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ ግንዳቸው እንደ ጎተራ የወፈረ የባኦባብ ዛፎች ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ፤ ጥቂት ቆይቶም መሬቱ በድንገት ተሰንጥቆ ከታች ሰማያዊ ውኃ ይገለጣል። ይህ የኪሊፊ የባሕር ክንድ ነው። ከሞምባሳ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ መኪና በረጅሙ ድልድይ ላይ በአፍታ የሚሻገረው ይህ ውኃ፣ ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1991 እስኪከፈት ድረስ መንገደኛ ተራ ጠብቆ በጀልባ የሚያልፈው ነበር።

ለአጭር ሥልጠና ናይሮቢ በነበርኩበት ጊዜ፣ በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም.፣ የአራት ቀን ዕረፍት ተሰጠን። አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ኬንያዊ መኮንን «ባሕሩን ሳታይ አገራችንን አየሁ እንዳትል» ብሎ ለአጎቱ የተጻፈ ደብዳቤ አስያዘኝ። እኔም እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው አዲሱ ባቡር ወደ ጠረፍ ወረድኩ። ሐሳቤ በነጩ አሸዋ ላይ መዋል ነበር፤ የዋልኩት ግን ጭቃ ውስጥ፣ በአንዲት የሃምሳ ዓመት ጀልባ ሆድ ሥር ነው። ስለ አሸዋው ሌላ ሰው ይጻፍ።

አጎትየው እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው የኬንያ ባሕር ኃይል ውስጥ በበታች ሹምነት ለብዙ ዓመታት አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቃል ቆጣቢ ሰው ናቸው። በስዋሂሊ ሽማግሌ በአክብሮት «ምዜ» ስለሚባል እኔም ምዜ እያልኩ ጠራኋቸው፤ ባለቤታቸውንም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ማማ» አልኳቸው። ሁለቱ የጡረታ ገንዘባቸውን አጠራቅመው የገዟት ባለ ሸራ ጀልባ ርዝመቷ 9 ሜትር ተኩል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር ከፋይበር ግላስ የተሠራች ናት። እንግዳ እያሳፈሩ በባሕሩ ክንድ ላይ ያንሸራሽሩባታል። የመጨረሻ ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ የሚወጣው ከዚህችው ጀልባ ነው።

ምዜ ደብዳቤውን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝና «ጭቃ ትፈራለህ?» አሉኝ። አልፈራም አልኩ። «እንግዲያው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እንገናኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው፤ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ፣ ሌሊቱን ከመጥለቂያዋ ይጀምራል። «ሳ ንኔ» ሲል እኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የምንለውን ማለቱ ነው። በናይሮቢ ቆይታዬ ሰዓቴን ሁሉ በስድስት ስደምርና ስቀንስ ከርሜ ስለነበር፣ በዚያ ጠረፍ ላይ አሥር ሰዓት ሲባል አሥር ሰዓት መሆኑ ቤቴ የገባሁ ያህል ደስ አሰኘኝ።

ሥራው ምን እንደ ነበረ ለመረዳት በቅድሚያ የጀልባዋን ሆድ ማወቅ ያሻል። ውኃ እንዳይገባት ተብላ የምትሠራ ጀልባ፣ ሆን ተብሎ ሆዷ ይበሳል ቢባል ሰሚውን ያስገርመው ይሆናል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ነውና የሚስብበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የማድ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ እጣቢውን የሚያወጣበት፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት፣ የኋለኛው መቀመጫ የዝናብና የሞገድ ውኃ የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎችም አሉ። በዚህች ጀልባ ላይ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ከውኃው ወለል በታች። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ከውስጥ በኩል ከነሐስ የተሠራ ወፍራም መዝጊያ በብሎን ተወጥሮ ይቀመጣል። መርከበኞች ሲኮክ ይሉታል፤ እኛ የባሕር ቧንቧ እንበለው።

የአሮጌዎቹ ጀልባዎች የባሕር ቧንቧ አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ አንድ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ መሐሉ የተበሳ የነሐስ ቡሽ፣ በልኩ በተቦረቦረ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። እጀታው ከቱቦው ጋር ሲስተካከል ውኃው ያልፋል፤ ሩብ ዙር ዞሮ ሲጋደም ይዘጋል። በጦር ሰፈር ማድ ቤት በትልቁ የሻይ ማፍያ ላይ ያለውን ቧንቧ ፈትታ ያጠበች እናት ይህን አሠራር ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ልዩነቱ የሻዩ ቧንቧ ቢያፈስ ወለሉ መርጠቡ፣ የባሕሩ ቢያፈስ ግን ቤቱ መስጠሙ ነው። ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውኃው ወለል በታች 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የነዳጅ በርሜል ይሞላል ማለት ነው።

ይህንን ባልና ሚስቱ ከመጽሐፍ አላገኙትም። ካለፈው ዓመት በፊት አንድ ባለ ጋራዥ የማድ ቤቱን ማጠቢያ አሮጌ የነሐስ ቧንቧ አውልቆ «ይህ ለባሕር የተሠራ ነው» ሲል በአዲስ ቢጫ ቧንቧ ተካላቸው። የጋራዡን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ቢጫው ለግቢ አትክልት ማጠጫ የሚሆን ነበር። ነሐስ የሚባለው መዳብና ቆርቆሮ ተቀልጠው ሲቀላቀሉ የሚገኘው ሲሆን ባሕርን ይችላል፤ ብራስ የሚሉት ቢጫው ብረት ግን መዳብና ዚንክ ነው። የጨው ውኃ ዚንኩን ቀስ በቀስ አልሞ ይወስድና የቀረው መዳብ እንደ ሰፍነግ ይሆናል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲፍቁት ግን ሮዝ ቀለም ያወጣል።

እንግዲህ አንድ ሌሊት ጀልባዋ መልሕቅ ጥላ ሳለች ማማ በእንቅልፋቸው መሐል የሚንቆረቆር ድምፅ ይሰማሉ። እግራቸውን ከአልጋ ሲያወርዱ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውኃ ሆነ። ከቧንቧው ላይ ጎማው ተንሸራቶ ወልቋል። ምዜ እጀታውን ሊዘጉ ሲታገሉ እጀታው ከነዘንጉ ተቆርጦ እጃቸው ላይ ቀረ። ማማ በጨለማው ውስጥ ተንበርክከው መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ ከደኑ። ባለቤታቸው መብራት አብርተው፣ የእንጨት ውታፍ ፈልገው፣ በመዶሻ እስኪመቱት ድረስ መዳፋቸውን አላነሡም። «ባሕሩ ይገፋኝ ነበር» አሉኝ ማማ ሲነግሩኝ፤ «እንደ ጥጃ አፍንጫ።» የተቆረጠው ቢጫ ዘንግ ዛሬም በጀልባዋ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በቦታው እውነተኛ ነሐስ ገብቷል፤ ከየቧንቧው አጠገብም አንዳንድ ሾጣጣ የለስላሳ እንጨት ውታፍ ታስሯል።

ታዲያ የነሐስ ቧንቧም ቢሆን ካልተፈታ፣ ካልተጸዳና ግራሶ ካልተቀባ ውሎ አድሮ ይደርቃል። አሮጌው ግራሶ ከጨው ጋር ደንድኖ ቡሹን ከቤቱ ጋር ያጣብቀዋል። ይህንንም ሥራ ጀልባዋ ውኃ ላይ እያለች መሥራት አይቻልም፤ ቡሹ ሲወጣ ባሕሩ ይገባልና። በባለጸጋ ወደቦች ጀልባውን በክሬን ወደ የብስ ያወጡታል። ኪሊፊ ላይ ምዜ የሚጠቀሙበት ክሬን የሰማይ ነው፤ ጨረቃ።

በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በተወለደችበት ሰሞን የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። በእነዚህ ቀናት ሙላቱ ከንጋቱና ከቀትር በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ጉድለቱ ከጠዋቱና ከምሽቱ አራት ሰዓት ወዲህ ይውላል። በባሕሩ ክንድ ዳር ሁለት ወፋፍራም ምሰሶዎች ተተክለዋል። ጀልባዋን በሙላቱ አምጥተው ከምሰሶዎቹ ጋር ያስሯታል። ውኃው ሲሸሽ በታችኛው አከርካሪዋ ላይ ቆማ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሰዓት ያህል ምድር የሰው ነው፤ ቀጥሎ ባሕሩ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ክፍት ቀዳዳ ያገኘ እንደሆነ ይገባበታል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ የሚያደርቅ ቀዛፊ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ለእርሱ ግን የሚቸኩል ሐይቅ የለበትም።

ጨረቃ ሙሉ በሆነች ማግስት፣ መጋቢት 17 ቀን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተገናኘን። ጨረቃዋ ገና አልጠለቀችም ነበርና ያለ ፋኖስ ገመድ እናያለን። ምዜ ጀልባዋን በዝግታ ወደ ምሰሶዎቹ አስጠጉ፤ እኔና አንድ የሰፈር ልጅ ገመዱን ተቀበልን። ጀልባዋ ወደ ምሰሶዎቹ በጥቂቱ እንድታዘነብል የመልሕቁ ሰንሰለት በዚያው ወገን ወለል ላይ ተከመረ። ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ሻይ መጠጣት ነበር። ማማ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ በወተት አፍልተው ሰጡን፤ ውኃውም ከማንግሮቩ ሥሮች መካከል እየተንሾካሾከ ሸሸ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሥራው ተጀመረ። ምዜ የጀመሩት ከሁሉ ዝቅ ብሎ ከተተከለው የሞተሩ ቧንቧ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ሲመለስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እርሱን ነው» አሉ። መሸፈኛውን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈቱ፤ ከዚያም ቡሹን በእንጨት አስደግፈው በመዶሻ ከጀርባው ቀስ ብለው መቱት። በብረት መምታት ክልክል ነው፤ አንዲት ጭረት ለውኃ መንገድ ትሆናለች። ቡሹ ጥቁር ለብሶ ወጣ። እኔ በላምባ አጥቤ በጨርቅ ወለወልኩት፤ ነሐሱም ቀስ በቀስ ወርቅማ መልኩን አወጣ።

የማማ ቦታ ከጀልባዋ ሆድ አጠገብ በተዘረጋ አሮጌ ካንጋ ላይ ነበር። ካንጋ የዚያ ጠረፍ ሴቶች የሚያገለድሙት ባለ ጌጥ ጨርቅ ነው። ካንጋውን በስድስት ከፍለው ከእያንዳንዱ ቧንቧ የወጣውን ቡሽ፣ ብሎንና ዳዶ ለየብቻ ይደረድራሉ። ቡሽ የሚገጥመው ከራሱ ቤት ጋር ብቻ ነውና ከሌላው ጋር ቢቀያየር ያፈሳል። ይህን ሳይ የጠመንጃ ፈትቶ መግጠም ትምህርታችን ትዝ አለኝ፤ የአንዱን መቀርቀሪያ ለሌላው የሰጠ ሰልጣኝ ምን እንደሚደርስበት አንባቢ ያውቀዋል። በእጃቸው ደግሞ ባለ መስመር ደብተር አለ። የትኛው ቧንቧ መቼ እንደ ተፈታ፣ በየወሩ መጀመሪያ እጀታው መዞሩንና አለመዞሩን የጻፉበት ነው።

ቡሹ ከጸዳ በኋላ ምዜ በእርሳስ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመሩበት፤ ወደ ቤቱ መልሰው አንድ ጊዜ አዙረው አወጡት። መስመሩ የጠፋበት ቦታ ይነካል፤ ያልጠፋበት አይነካም። በዚያኛው ላይ በአንድ ወገን ሦስት ጣት የሚያህል ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የሞተር ቫልቭ የሚሳልበትን ሻካራ ልቁጥ ቀቡትና ግማሽ ዙር ወዲያ፣ ግማሽ ዙር ወዲህ ያሹት ጀመር። በየጊዜው ያነሡታል፣ ያያሉ፣ ይመልሱታል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆዩ። በመጨረሻ ቡሹ ዙሪያውን አንድ ዓይነት የደበዘዘ ግራጫ ሆነ። «አሁን ተዋወቁ» አሉ። ልቁጡ አንዲት ፍንጣቂ እንኳ እንዳይቀር በላምባ ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ ከቀረ ነሐሱን ሲፈጭ ይኖራልና።

ግራሶው የማማ ድርሻ ነው። ወፍራምና ውኃ የማያጥበው ዓይነት መሆን አለበት። በአመልካች ጣታቸው ጠልቀው ቡሹን በስስ ቀቡት፤ ቀዳዳውን እንዳይደፍን ጠርዙን በጨርቅ ጠረጉ። ምዜ ብሎኖቹን አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን እያሉ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ። እጀታው እንደ ልብ ቢዞር ላልቷል፤ ሁለት እጅ ቢጠይቅ ጠብቋል። በአንድ እጅ፣ እንደ ቅቤ ውስጥ ቢላ፣ ዝግ ብሎ መዞር አለበት። ዳዶው በላዩ ታሰረና ማማ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

እንዲህ እየተባለ አምስቱ አለቁ። ስድስተኛው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ ማስገቢያ፣ እምቢ አለ። በደብተሩ ላይ እንደ ተጻፈው ለሰባት ወር እጀታው አልዞረም፤ በተቀመጠበት ጠባብ ሥፍራ ምክንያት ምዜ «በሚቀጥለው ወር» ሲሉ አሳድረውታል። እጀታው ግማሽ ተከፍቶ ደርቋል። ከታች ሲመታ ቀልቀል አይልም። ስድስት ሰዓት አለፈ። ከማንግሮቩ ማዶ ባሕሩ እንደ ብር ክር ብቅ አለ፤ ሸርጣኖቹም ወደ ጉድጓዳቸው መግባት ጀመሩ። ምዜ መዶሻቸውን በትልቅ ለወጡ።

ማማ ከካንጋው ላይ ተነሥተው መጡና «ይብቃ» አሉ።

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ለአንተም ትንሽ ቀርቶሃል፤ ለመስበር። ቤቱ ቢሰነጠቅ ሰባት ሰዓት ላይ ምን ትከድንበታለህ? የእኔን እጅ?»

ምዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው መዶሻውን ተመለከቱ። ብዙ አዛዦች በበታቾቻቸው ፊት «ተሳስቻለሁ» ለማለት ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ በእንግዳ ፊት ለሚስት ማለት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ሽማግሌው ግን መዶሻውን ለእኔ ሰጡኝና ከጀልባዋ ሥር ወጡ። የተፈታውን መሸፈኛ መልሰው አጠበቁ፤ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት በቡሹ ዙሪያ አንጠባጠቡ። ከውጭ በኩል ደግሞ ግራሶ በተቀባ ጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ቀዳዳው ውስጥ መትተው አስገቡ። ውኃው ጉልበታችን ላይ ሲደርስ ገመዶቹን አጥብቀን ወጣን። ማማ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስላልነበረኝ በደቡቡ ዳርቻ ከፍታ ላይ ያለውን የምናራኒን ፍርስራሽ አየሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተመሠረተና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተለቀቀ የስዋሂሊ ከተማ ነው። ከኮራል ድንጋይ የተሠራ መስጊድ፣ ምሰሶ ያለው መቃብርና ጥልቅ ጉድጓድ ይታያል። ከዚያ ቁልቁል ስመለከት ድልድዩ፣ የታሰሩት ጀልባዎችና ሁለቱ ምሰሶዎች ይታዩኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ከመስጊዱ ይልቅ ወደ ምሰሶዎቹ ነበር የሚመለሰው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ባሕሩ እንደ ገና ሸሸ። በዚህ ጊዜ የመጡት ከመዶሻ ጋር ሳይሆን ከማማ ማንቆርቆሪያ ጋር ነው። ዘይቱ ቀኑን ሙሉ ሲሰርግ ውሏል። ማማ የቧንቧውን ቤት በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፣ ቡሹን ሳይነኩ፣ የፈላ ውኃ ቀስ ብለው ያፈሱበት ጀመር። ቤቱ ሲግል ጥቂት ይሰፋል፤ ቡሹ ገና ቀዝቃዛ ነውና በመጠኑ ይቀራል። ሁለት ማንቆርቆሪያ አለቀ። በሦስተኛው ላይ ምዜ እንጨቱን ከጀርባው አስደግፈው በትንሿ መዶሻ አንድ ጊዜ፣ ቀለል አድርገው መቱ። ጧ የሚል ደረቅ ድምፅ ተሰማ። እኔ መብራት ይዤ ነበርና ቡሹ የጣት ውፍረት ያህል ወደ ፊት ሲመጣ አየሁት። ማንም አልጮኸም። ማማ ብቻ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው እጃቸውን በካንጋቸው ጠረጉ።

እርሳሱ፣ ልቁጡ፣ ላምባው፣ ግራሶው እንደ ጠዋቱ በተራ አለፉ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ዳዶ ታሰረ፤ የውጭው ውታፍ ተነቀለ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ውኃው መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባዋ ከተቀመጠችበት በዝግታ ተነሣች፤ እግራችን ሥር ወለሉ ሲንቀሳቀስ ተሰማን። ምዜ ስድስቱን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ከፍተው ዘጉ። ማማ ከኋላቸው እየተከተሉ ከእያንዳንዱ ሥር የጋዜጣ ቁራጭ አነጠፉና ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ።

ሻዩን ከጠጣን በኋላ እኔ በመብራት ወረቀቶቹን አየሁ፤ ስድስቱም ደረቅ ነበሩ። ማማ ደብተሩን ዘርግተው በስድስተኛው መስመር ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ቀጥሎም የሚመጣውን ወር የመጀመሪያ ቀን ጻፉና ብዕሩን ለባለቤታቸው አቀበሉ። ምዜ ሳይናገሩ ፈረሙበት።